ኢንተርኔት በየት በኩል መጥቶ ስልካችን ውስጥ ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንተርኔት ሲሄድ ሁላችንም እንናደዳለን። ሲኖር ግን በየት በኩል እንደመጣ የሚጠይቅ ብዙ ሰው የለም። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። መልሱን የጻፍኩትም ለቴክኒክ ባለሙያ ሳይሆን በየቀኑ ለሚጠቀመው ሰው ነው። ገመዱ በየት እንደሚያልፍ፣ አገራችን ወደ ውጭ ስንት በር እንዳላት፣ በሩ በማን እጅ እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ስለ ዋጋም፣ ስለ ፍጥነትም፣ ስለ መቆራረጥም ትክክለኛውን ጥያቄ ለትክክለኛው ሰው ማቅረብ የምንችለው ያኔ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኢንተርኔት የሚመጣው ከሳተላይት አይደለም እንዴ?

በአብዛኛው አይደለም። በአህጉራት መካከል ከሚመላለሰው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚጓዘው ባሕር ስር በተዘረጋ የፋይበር ገመድ፣ ማለትም በመስታወት ክር ውስጥ ብርሃን በሚያሳልፍ ገመድ ነው። ሳተላይት የሚይዘው ትንሹን ድርሻ ነው።

ግምቱ ግን ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ድሮ እውነት ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ለሕዝብ የተጀመረው በ1997 ነው። በዚያን ዘመን ከውጭው ዓለም ጋር በመገናኘት ረገድ እንደ ሱሉልታው ያለ የሳተላይት ጣቢያ ትልቅ ቦታ ነበረው። ኬንያና ታንዛኒያም ቢሆኑ የባሕር ባለቤት ሆነው እስከ 2009 ድረስ ከዓለም ጋር የሚያገናኛቸው የፋይበር ገመድ አልነበራቸውም። በዚያ ዓመት ሲኮም የሚባለው ገመድ ደረሰ። በ2010 ደግሞ ኢሲ የሚባለው ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ በምሥራቅ ጠረፍ በኩል እስከ ፖርት ሱዳን ተዘረጋ። የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት መልኩን የቀየረው ያኔ ነው።

ሳተላይት ለምን ተሸነፈ ቢባል፣ አንዱ ምክንያት ርቀት ነው። የድሮዎቹ የመገናኛ ሳተላይቶች የሚቀመጡት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጥያቄያችሁ ወጥቶ፣ ወርዶ፣ መልሱም እንደገና ወጥቶ ሲወርድ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ያልፋል። ድሮ ውጭ አገር ስንደውል «ሃሎ» ብለን ዝም ብለን የምንጠብቀው ለዚህ ነበር። ሁለተኛው ምክንያት አቅም ነው። ፀጉር በምታህል አንድ የመስታወት ክር ውስጥ የሚያልፈው መረጃ አንድ ሳተላይት ከሚችለው እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለች እህቴ የምልከው መልእክት በየት በየት ይሄዳል?

እንከተለው።

ስልካችሁ መልእክቱን በሬዲዮ ሞገድ አቅራቢያው ወዳለው ማማ ይልከዋል። አየር ላይ የሚጓዘው በአብዛኛው ይህችን ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች እስከ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች። ከማማው ስር ጀምሮ ገመድ ነው። ፋይበር ያልደረሰበት ማማ ከሆነ ደግሞ ከበሮ በሚመስለው አንቴና በማይክሮዌቭ ለሚቀጥለው ማማ ያቀብላል።

ከዚያ የኦፕሬተሩ ዋና ማዕከል ይደርሳል። ሲም ካርዱ የማን እንደሆነ፣ ጥቅሉ እንዳላለቀ የሚጣራው እዚህ ነው። ቀጥሎ ወደ ውጭ መውጫው። ለምሳሌ በጅቡቲ በኩል ከወጣ፣ በአፋር ሙቀት ውስጥ አልፎ ጠረፍ ላይ ያለ የገመድ ማረፊያ ጣቢያ ይገባል። ከዚያ ቀይ ባሕር ስር ወደ ሰሜን ይጓዛል። ግብፅ ላይ ወደ የብስ ይወጣል፤ አገሪቱን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ውስጥ እንደገና ይሰምጣል። ብዙዎቹ ገመዶች አውሮፓን የሚነኩት ፈረንሳይ ማርሴይ ላይ ነው።

አውሮፓ ውስጥ መልእክቱ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእህታችሁ ሳይሆን የምትጠቀሙበት መተግበሪያ ኮምፒውተሮች ወዳሉበት የመረጃ ማዕከል ነው። ከዚያ አትላንቲክን ይሻገራል። ከመሻገሪያዎቹ አንዱ ማሬያ ይባላል፤ ከስፔን ቢልባኦ ቨርጂኒያ ቢች ድረስ 6,600 ኪሎ ሜትር ነው። ከቨርጂኒያ ቢች ወደ ሰሜን ሲወጣ አሽበርን ያገኛል። ይህች ከተማ በዓለም ላይ ብዙ የመረጃ ማዕከላት ከተሰባሰቡባቸው ቦታዎች ቀዳሚዋ ናት። በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖር ሐበሻ ሁሉ መስኮት የሌላቸውን እነዚያን ግዙፍ ሕንፃዎች በመኪና አልፏቸዋል። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ የአካባቢው ኦፕሬተር፣ ማማ ወይም የቤት ዋይፋይ፣ ከዚያ የእህታችሁ ስልክ።

ብርሃን በፋይበር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱን 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ብንለው እንኳ የብርሃኑ ጉዞ የሰከንድ አንድ አሥረኛ አይሞላም። እኔን አሁንም ይገርመኛል።

ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ስንት በር አላት?

ዋናዎቹ በጅቡቲ፣ በኬንያና በሱዳን በኩል ያሉት ናቸው። ሦስቱም የየብስ ፋይበር መስመሮች ሆነው የጎረቤት አገር ጠረፍ ላይ ካሉ የባሕር ገመዶች ጋር ይገናኛሉ።

ጅቡቲ ትንሽ አገር ናት፤ በገመድ ግን ባለጸጋ ናት። ሲኮም፣ ኢሲ፣ ከሆንግ ኮንግ እስከ ማርሴይ 25 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው ኤኤኢ-1፣ ከሞምባሳ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል የሚመጣው ዳሬ-1 እና ሌሎችም እዚያ ያርፋሉ። ምክንያቱ መልክዓ ምድር ነው፤ ከእስያ ወደ አውሮፓ የሚሄደው አብዛኛው የባሕር ገመድ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በሆነው በባብኤል መንደብ ያልፋል። ጅቡቲ ያንን እንደ ገቢ ምንጭ ተጠቅማበታለች።

በር የለንም አይባልም፤ ግን ሁለት ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። አንደኛ፣ የራሳችሁ ጠረፍ ከሌላችሁ ለማለፊያ ትከፍላላችሁ። ከአገር ውጭ የሚገዛው የመተላለፊያ አቅም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው፤ ከምንገዛው የዳታ ጥቅል ዋጋ ውስጥ ይህም አለበት። ሁለተኛ፣ የጎረቤት ችግር የእናንተም ችግር ይሆናል። ሱዳን ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ጦርነት ውስጥ ናት፤ እንዲህ ባለ አገር የሚያልፍ ገመድ ቢበላሽ ጠጋኝ መላክ ራሱ ከባድ ነው።

የአርመንን ነገር ልንገራችሁ። አርመንም እንደ እኛ የባሕር በር የላትም። በ2011 አንዲት የ75 ዓመት አዛውንት ጎረቤት ጆርጂያ ውስጥ በባቡር ሐዲዱ አካባቢ የመዳብ ቁርጥራጭ ፍለጋ ሲቆፍሩ የፋይበር ገመድ ቆረጡ ተባለ። የአርመን ኢንተርኔት አብዛኛው ክፍል ለሰዓታት ጠፋ። አገር ሙሉ በአካፋ! ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሴትየዋን መውቀስ አይደለም። አንድ መስመር ላይ የተንጠለጠለ አገር መቼም ቢሆን አስተማማኝ ግንኙነት አይኖረውም። ስለዚህ «አዲስ መስመር ተዘረጋ» የሚል ዜና ስትሰሙ የምትጠይቁት ስለ ፍጥነቱ ብቻ አይሁን። በሌላ አገር፣ በሌላ ባሕር፣ በሌላ አቅጣጫ የሚወጣ ነው ወይስ ያው የድሮው መንገድ ላይ የተደረበ? ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥያቄ ነው።

የባሕር ስር ገመድ ምን ይመስላል?

ከሚጠበቀው በታች ቀጭን ነው። ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ ያለው ክፍል የአትክልት ማጠጫ ጎማ ያህል ብቻ ይወፍራል። መሃሉ ላይ ጥቂት ጥንድ የመስታወት ክሮች አሉ። በዙሪያቸው ብረት፣ መዳብና ፕላስቲክ ይጠቀለላል። ወደ ጠረፍ ሲጠጋ መርከብና አሣ አጥማጅ ስለሚበዛ ተጨማሪ የብረት ሽቦ ይለብሳል፤ አሸዋ ውስጥም ይቀበራል።

መዳቡ ለኤሌክትሪክ ነው። ብርሃን ረጅም መንገድ ሲሄድ ይደክማል። ስለዚህ በየ60 እስከ 100 ኪሎ ሜትሩ የሚያጠናክረው መሣሪያ ገመዱ ላይ አለ። እሱ ደግሞ ኃይል ይፈልጋል፤ ኃይሉ ከጠረፍ ጣቢያዎቹ በገመዱ ውስጥ ይላክለታል።

ማን ነው ባለቤቱ?

ድሮ የአገራት የቴሌኮም ድርጅቶች ማኅበር ነበር። ተጣምረው ወጪውን ይሸፍናሉ፣ እንደ ድርሻቸው ይጠቀማሉ። ኢሲም ሆነ ኤኤኢ-1 የተሠሩት እንዲህ ነው። ባለፉት ዓመታት ግን የመተግበሪያ ኩባንያዎቹ ራሳቸው ገመድ ባለቤቶች ሆነዋል። ኢኩዊያኖ የጉግል ነው። 45 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲረዝም የታቀደውና አፍሪካን የሚዞረው ቱአፍሪካ ደግሞ ሜታ ከበርካታ የቴሌኮም ኩባንያዎች ጋር የሚሠራው ነው። ፌስቡክ ላይ የምናየው ቪዲዮ በፌስቡክ ባለቤት ገመድ ይመጣል ማለት ነው። አቅሙ መጨመሩ መልካም ነው። የምንናገርበትም የምናልፍበትም የአንድ ሰው ንብረት መሆኑ ግን ልናስብበት ይገባል ባይ ነኝ።

ገመዱን ሻርክ ይበላዋል የሚባለው እውነት ነው?

ሻርክ ገመድ ሲነክስ የታየበት ጊዜ አለ። ከጉዳቶቹ ውስጥ ያለው ድርሻ ግን ከቁጥር አይገባም። በዓመት ከ150 እስከ 200 የሚሆኑ ብልሽቶች ይከሰታሉ፤ አብዛኞቹን የሚያደርሰው የአሣ ማጥመጃ መረብና የመርከብ መልህቅ ነው። ቀሪው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የባሕር ውስጥ ናዳና የመሣሪያ ብልሽት ነው።

እኛን በቅርብ የሚመለከተን ቀይ ባሕር ነው። በፌብሩዋሪ 2024 ሩቢማር የተባለች ጭነት መርከብ ከየመን በተተኮሰ ሚሳይል ተመታች። ሠራተኞቹ መልህቅ ጥለው ወጡ። መርከቧ ግን መልህቋን እየጎተተች ተንሳፈፈች። ሲኮም፣ ኤኤኢ-1 እና ኢአይጂ የተባሉት ሦስት ገመዶች የተቆረጡት በዚያው መልህቅ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ይታመናል። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ጅዳ አቅራቢያ ሌሎች ገመዶች ተጎዱ፤ ከፓኪስታን እስከ ባሕረ ሰላጤው አገራት ኢንተርኔት ተጎተተ። በሌላ በኩል በሜይ 2024 ኢሲና ሲኮም ደቡብ አፍሪካ አካባቢ በአንድ ቀን ተቆርጠው ከኬንያ እስከ ሞዛምቢክ ያለው ተቸግሯል።

ሲቆረጥ እንዴት ይጠገናል?

መጀመሪያ ከጠረፍ ጣቢያው ብርሃን ይለቀቃል። ብርሃኑ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የፈጀው ጊዜ ተሰልቶ ቦታው ይታወቃል። ቀጥሎ የጥገና መርከብ ይሄዳል። መንጠቆ ወደ ባሕሩ ወለል ጥሎ አንዱን ጫፍ ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን። መርከቡ ላይ ክሮቹ አንድ በአንድ ይቀጠላሉ። ተፈትሾ ተመልሶ ይጣላል።

ሥራው ራሱ ቀናት ነው። ጊዜ የሚበላው መርከብ ማግኘትና ፈቃድ ነው። በ2024 የቀይ ባሕሩ ጥገና ወራት የፈጀው ገመዱ የተቆረጠው የመን ውኃ ውስጥ ስለሆነ ነው። እዚያ ባለሥልጣን ነኝ የሚል ከአንድ በላይ ነው፤ ከላይ ደግሞ ሚሳይል ይተኮሳል። የባሕር ቴክኒሺያኑ እጅ ምንም አልጎደለውም ነበር።

የምልከው ፎቶ እንዳለ ነው የሚሄደው?

አይደለም፤ ተቆራርጦ ነው። 3 ሜጋባይት የሚሆን ፎቶ 2,000 ገደማ ቁራጮች ይሆናል። ፓኬት ይባላሉ። እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውን አድራሻ፣ የተቀባዩን አድራሻና ተራ ቁጥሩን ይዞ ይወጣል። ሠርግ ለመሄድ በተለያየ ታክሲ የተሳፈሩ ዘመዶችን አስቡ፤ መንገዳቸው ይለያያል፣ የሚደርሱበት ቅደም ተከተልም ይዘባረቃል፣ አዳራሹ ውስጥ ግን በየቦታቸው ይቀመጣሉ። የጠፋ ፓኬት ካለ ተቀባዩ «ይሄኛው አልደረሰኝም» ብሎ እንዲላክለት ይጠይቃል።

ይህን ሥርዓት አሜሪካውያኑ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን በ1974 አሳተሙት፤ ቲሲፒ/አይፒ ይባላል። የኢንተርኔት መነሻ የሆነው የአሜሪካው ኔትወርክ አርፓኔት ጃንዋሪ 1 ቀን 1983 ወደዚህ ሥርዓት ተዛወረ። እስከ ዛሬ የምንጠቀመው እሱኑ ነው።

የቪዲዮ ጥሪ እየተቆራረጠ ጽሑፍ ግን የሚደርሰውም ለዚህ ነው። ጽሑፍ የጠፋበትን ፓኬት ቆሞ ይጠብቃል፤ ማንም አያስተውልም። የቀጥታ ድምፅ ግን መጠበቅ አይችልም። ያለፈች ቃል ተመልሳ ብትመጣ አትጠቅምም፤ ስለዚህ ትዘለላለች።

እነዚህ ፓኬቶች መንገዱን ማን ያሳያቸዋል? ኢንተርኔትስ የማን ነው?

ኢንተርኔት በዓለም ዙሪያ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኔትወርኮች ስምምነት ነው። አንድ ባለቤት የለውም። እያንዳንዱ ኔትወርክ መለያ ቁጥር አለው፤ የኢትዮ ቴሌኮም 24757 ነው። ኔትወርኮቹ ቢጂፒ በሚባል ቋንቋ «እነዚህ አድራሻዎች እኔ ጋር አሉ፣ በእኔ በኩል ማለፍ ትችላላችሁ» እየተባባሉ ያስታውቃሉ። ራውተሮች የሚባሉት ፓኬት አቀባባይ መሣሪያዎች ይህን ሰምተው መንገድ ይመርጣሉ።

አሠራሩ በመተማመን ላይ የቆመ ነው፤ መተማመኑ ሲሳሳት ደግሞ ጉዱ ይታያል። በ2008 የፓኪስታን ባለሥልጣናት ዩቲዩብ በአገራቸው እንዲዘጋ አዘዙ። የአገሪቱ ቴሌኮም ለአገር ውስጥ ያሰበውን የሐሰት መንገድ ለዓለም አስታወቀ። የዓለም የዩቲዩብ ተጠቃሚ ወደ ፓኪስታን ተመርቶ ለሁለት ሰዓት ገደማ ባዶ ገጽ ሲያይ ቆየ።

ኦክቶበር 4 ቀን 2021 የሆነውን ደግሞ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። ፌስቡክ፣ ዋትሳፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ገደማ ከዓለም ጠፉ። የኩባንያው መሐንዲሶች በጥገና ላይ የሰጡት ትእዛዝ የራሳቸውን የውስጥ ኔትወርክ አቋረጠ። ከዚያ አድራሻቸውን የሚያስታውቁት መንገዶች ተሰረዙ። ኮምፒውተሮቹ በሰላም ይሠሩ ነበር፤ ወደ እነሱ የሚወስደውን መንገድ የሚያውቅ ግን አልነበረም። ባለሙያዎች በአካል ወደ መረጃ ማዕከሎቹ መሄድ ነበረባቸው። በዚያ ምሽት ስልኩን ደጋግሞ አጥፍቶ ያበራ፣ ኦፕሬተሩን የወቀሰ ስንት ሰው ነበር!

አድራሻዎቹን የሚያድለው ደግሞ በየአህጉሩ ያለ ተቋም ነው። የአፍሪካው አፍሪኒክ ይባላል፤ መቀመጫው ሞሪሺየስ ነው።

ስልኬ የራሱ የአይፒ አድራሻ አለው?

አለው፤ የአይፒ አድራሻ ማለት መሣሪያው ኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር ነው። ግን ውጭ የሚታወቅበት ላይሆን ይችላል። አይፒ ስሪት 4 የሚባለው አሠራር በድምሩ 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻዎች ብቻ ነው ያሉት። ለዓለም ሕዝብ አይበቃም። ስለዚህ የሞባይል ኦፕሬተሮች ብዙ ደንበኞችን ከአንድ አድራሻ ጀርባ ያሰልፋሉ። ምንም ሳታጠፉ አንዳንድ ድረ ገጽ «ሮቦት አለመሆንህን አረጋግጥ» የሚላችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ያንኑ አድራሻ የሚጋራ ሌላ ሰው ያደረገው ነገር ለእናንተም ይተርፋል። መፍትሔው አይፒ ስሪት 6 ነው። ቁጥሩ የማያልቅ ያህል ብዙ ነው፤ ዝውውሩ ግን በብዙ አገር ገና ነው።

እዚሁ ከተማ ላለ ሰው የምልከው ነገር ውጭ አገር ደርሶ ይመለሳል?

ብዙ ጊዜ አዎ። የምትጠቀሙበት መተግበሪያ ኮምፒውተሮች ውጭ ከሆኑ፣ ከቦሌ ወደ ፒያሳ የተላከ መልእክት አውሮፓ ደርሶ ይመጣል። ይህ ጊዜም ገንዘብም ይበላል።

መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንዱ የአገር ውስጥ መለዋወጫ ጣቢያ ነው፤ የተለያዩ ኦፕሬተሮች፣ ባንኮች፣ ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ቦታ ተገናኝተው የአገር ውስጡን መረጃ እዚያው የሚቀባበሉበት። የኬንያ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ያሉ የኢንተርኔት ኩባንያዎች በኖቬምበር 2000 እንዲህ ያለ ጣቢያ ከፈቱ። በሳምንታት ውስጥ ተዘጋ፤ የመንግሥቱ ቴሌኮም «የብቸኝነት መብቴ ተነካ» ብሎ ከስሶ ነበር። እነሱ ግን ተከራክረው በፌብሩዋሪ 2002 አስከፈቱት። ከዚያ በፊት ከአንድ የናይሮቢ ቢሮ ወደ ጎረቤት ቢሮ የሚላክ ኢሜይል በሳተላይት አሜሪካ ወይም አውሮፓ ደርሶ ነበር የሚመለሰው።

ሁለተኛው መጋዘን ነው። ጉግል፣ ሜታና ኔትፍሊክስ ብዙ ሰው የሚያየውን ቪዲዮ ቅጂ ኦፕሬተሮች ግቢ ውስጥ በሚቀመጡ ኮምፒውተሮች ላይ ያስቀምጣሉ። አንድ ተወዳጅ ዘፈን ሚሊዮን ጊዜ ባሕር ከሚያቋርጥ አንዴ መጥቶ እዚሁ ቢቀመጥ ይሻላል። ዩቲዩብ እየሠራ ሌላ ድረ ገጽ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይሄ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ በላይ ኦፕሬተር መሥራት ከጀመረ ከኦክቶበር 2022 ወዲህ የአገር ውስጥ መለዋወጥ ጉዳይ ይበልጥ አሳሳቢ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። የአገር ውስጥ ባንክ፣ የትምህርት ድረ ገጽ፣ የሆስፒታል መረጃ ባሕር ማዶ የሚሻገርበት በቂ ምክንያት የለም።

ስልኬ ሙሉ ኔትወርክ እያሳየ ለምን አይከፍትም?

ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ይህን ነው። ስልኩ ላይ የምታዩዋቸው መስመሮች የሚነግሯችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእናንተና በማማው መካከል ያለው የሬዲዮ ሞገድ ጥሩ መሆኑን። ከማማው በኋላ ስላለው ምንም አይናገሩም።

ችግሩ ከሦስት ቦታዎች በአንዱ ሊሆን ይችላል። ማማው ላይ ሰው በዝቶ ይሆናል። የአንድ ማማ አቅም ለተጠቃሚዎቹ ሁሉ የሚካፈል ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ሲገባ፣ ወይም በመስቀል በዓል አደባባይ ላይ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚደርሰው ይሳሳል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ እንደ ልብ የሚከፍት ከሆነ ችግሩ እዚህ ነው።

ወይም ከማማው ወደ ማዕከሉ የሚወስደው መስመር ተጎድቶ ይሆናል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይቆረጣል። መብራት ሲጠፋ ማማው በባትሪና በጄኔሬተር ይቆያል፤ ሲረዝም ግን እሱም ያልቃል። ሰፈሩ በሙሉ ከጠፋ፣ ሌላ ሰፈር ያለ ጓደኛችሁ ግን ደህና ከሆነ ይህን ጠርጥሩ።

አለዚያ ችግሩ ከአገር ውጭ ነው። የሀገር ውስጥ የባንክ መተግበሪያ እየሠራ የውጭው ሁሉ ከተንቀራፈፈ፣ ወይ መውጫው ተጨናንቋል ወይ ባሕር ላይ አንድ ነገር ሆኗል። በዚህ ጊዜ ሲም መቀየር የሚጠቅመው ሌላው ኦፕሬተር በተለየ መንገድ የሚወጣ ከሆነ ብቻ ነው።

ዱባይ ያለችው ልጄ ዋትሳፕ ላይ ትጽፍልኛለች፣ መደወል ግን አትችልም። ኔትወርኳ ደካማ ነው?

አይደለም፤ የዱባይ ኔትወርክ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች በኢንተርኔት የሚደረግ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ ፈቃድ ባላቸው መተግበሪያዎች ብቻ እንዲሆን ትፈልጋለች። የዋትሳፕ መልእክቱ ያልፋል፣ ጥሪው ይታገዳል። ቦቲም የሚባለው ተፈቅዶለታል፤ እዚያ ያሉ ብዙ ልጆቻችን የሚደውሉት በእሱ ነው።

መንግሥት ኢንተርኔት ዘጋ ሲባል ምን ተደረገ ማለት ነው?

ደረጃ አለው። ቀላሉ የተወሰኑ መተግበሪያዎችን ማገድ ነው፤ ወደ እነሱ የሚሄዱ ፓኬቶች ተለይተው ይጣላሉ። ቪፒኤን የሚባለው መተግበሪያ ይህን ያልፋል፤ ፓኬቶቹን ሌላ ሽፋን ስለሚያለብሳቸው። ሁለተኛው በአንድ አካባቢ የሞባይል ዳታን ማጥፋት ነው። ስልክ ይደወላል፣ ዳታ የለም። ቪፒኤን እዚህ አይረዳም፤ የሚሸፍነው መንገድ ራሱ የለም። ሦስተኛው የውጭ መውጫውን መዝጋት ነው። ግብፅ በጃንዋሪ 2011 በአንድ ሌሊት አብዛኞቹን የቢጂፒ መንገዶቿን አስነሣች፤ አምስት ቀን ያህል ከዓለም ካርታ ጠፋች።

እኛም እናውቀዋለን። ከጁን 2020 መጨረሻ ጀምሮ በመላ ኢትዮጵያ ከሦስት ሳምንት በላይ ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ያለ ኢንተርኔት ቆየች። በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ተቋርጧል። ልጁ የት እንዳለ ያላወቀ ወላጅ፣ ደመወዙን ማውጣት ያልቻለ መምህር፣ ማመልከቻ ያለፈበት ተማሪ የከፈለው ዋጋ ትልቅ ነው። መውጫው ጥቂት፣ ኦፕሬተሩም ጥቂት በሆነበት አገር መዝጋት ቀላል ነው። ብዙ በር የምለው ለፍጥነት ብቻ አይደለም።

እንደ ስታርሊንክ ያሉት ሲመጡ ገመድ ይቀራል?

አይቀርም። የስታርሊንክ ሳተላይቶች የሚበሩት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ መዘግየቱ እንደ ድሮው አይደለም። ኬንያ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ ይሠራል። ፋይበር ሊደርስበት ለማይችል ገጠር፣ ለጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሳተላይቱም መረጃውን በመጨረሻ መሬት ላይ ወዳለ ጣቢያ ያወርደዋል። ጣቢያው ደግሞ ከፋይበር ጋር የተገናኘ ነው። አዲስ አበባን የሚያህል ከተማ በሳተላይት ብቻ ማስተናገድ አይቻልም።

የእኔ ኢንተርኔት በየት እንደሚያልፍ ራሴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ያለ ክፍያ። ትሬስራውት የሚባል መሣሪያ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ ለስልክም በነፃ የሚገኙ አሉ። የአንድ ድረ ገጽ ስም ስትሰጡት ፓኬቱ የረገጣቸውን ራውተሮች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል፤ ከጎኑ በሚሊ ሰከንድ የፈጀው ጊዜ አለ። ቁጥሩ ከ10 ወይም 20 በድንገት ወደ 100 ወይም 150 የዘለለበት መስመር ላይ ባሕር ተሻግራችኋል ማለት ነው። ብዙ ኦፕሬተሮች ለራውተሮቻቸው ስም ሲሰጡ የከተማውን የአውሮፕላን ማረፊያ ምልክት ይጠቀማሉ፤ ኤፍአርኤ ካያችሁ ፍራንክፈርት ነው፣ ኤምአርኤስ ማርሴይ። አንዳንዱ መስመር ላይ ኮከብ ብቻ ይመጣል። ያ ራውተር ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ እንዳይመልስ ታዟል እንጂ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ደህና በሆነ ቀን አንዴ ሠርታችሁ ውጤቱን አስቀምጡት፤ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ደግማችሁ ሥሩና የት ላይ እንደተለየ አወዳድሩ።